ሦስት ጊዜ የረዘመ እጀ ጠባብ

ነሐሴ ሲጋመስ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ የልብስ መኪናው ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ይፎካከራል። ሐዲያው ለያሆዴ በዓል፣ ከምባታው ለመሳላ፣ ሁሉም ለመስቀል የልጁን ልብስ ማድረስ አለበትና ሰፊዎቹ እስከ ማታ ከመኪናቸው አይነሱም። እኔ በከተማው የታሪክ መምህርት ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ዐውደ ርዕይ ከ1890ዎቹ እስከ 1930ዎቹ የነበረውን የወንድ ልጅ አለባበስ የሚያሳይ አንድ ማዕዘን ለማሰናዳት ኃላፊነት ወስጄ፣ ሙያውን ከአባታቸው የተማሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ገበያው እንደሚጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

እኔ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? ሥራ ላይ ደረስኩብዎት መሰለኝ።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ነይ ግቢ፣ ዝናቡ አያርጥብሽ። እጄ ሥራ ቢይዝም ጆሮዬ ያንቺ ነው። ስለ ልጅ የባህል ልብስ ልትጠይቂኝ ነው አሉ?

እኔ፦ ስለ ክት ልብስ ብል ይሻላል። ወንድ ልጅ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰው።

ጋሼ፦ ተባረኪ! እንዲያ በይኝ። «የባህል ልብስ» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ይቸግረኛል። ይኸውልሽ፣ ይህ የምቀምቅመው ባለ ጥለት የልጅ ልብስ ያምራል፤ ወላጆች ይወዱታል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሰፋዋለሁ። ነገር ግን አባቴ ልጅ ሳለ እንዲህ ያለ ልብስ አልነበረም። የክት ልብስ ግን ሁልጊዜም ነበረ። የሌለው ሰው እንኳ ለልጁ የዘወትርና የክት ይለይ ነበር። የአምና ክት ዘንድሮ የዘወትር ይሆናል፤ የዘወትሩ ለታናሽ ይተላለፋል፤ ከታናሽ የተረፈው የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የአያት ካባና ቡሉኮ ሣጥን ውስጥ ሲገኝ የልጅ ልብስ የማይገኘው ለዚህ ነው።

እኔ፦ ከከተማው እንነሳ። ቦታው ዋቸሞ ነበር የሚባለው። ራስ አባተ ቧያለው ከምባታን ሲያስተዳድሩ በሆሳዕና ዕለት ገቡበትና ስሙ ሆሳዕና ሆነ ይባላል። ያኔ የሐዲያና የከምባታ ልጅ ምን ነበር የሚለብሰው?

ጋሼ፦ ቆዳ ነዋ። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ እንደነገረኝ፣ የጥጃ ወይም የበግ ቆዳ ይለፋል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ ከዚያ በአንድ ትከሻ ላይ ይቋጠራል። ልጁ ከብት ጠባቂ ነው፤ ዝናብ ይመታዋል፣ ቁጥቋጦ ይቧጭረዋል። ቅቤ የጠጣ ቆዳ ውሃ አያስገባም። ዛሬ ሰው «ቆዳ ይለብሱ ነበር» ሲል በሀፍረት ነው የሚያወራው፤ እኔ አላፍርበትም። አገሩ የእንሰትና የከብት አገር ነው። ደጋው ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጥ ከቆላ ተገዝቶ ይመጣል፣ እናት ትፈትለዋለች፣ ሸማኔ ይሸምነዋል። ያ ሁሉ ድካም አልፎበት የሚወጣው ቡሉኮ ለአባት ነው። ልጅ ሲበርደው አባቱ ቡሉኮ ውስጥ ይገባል። ክቱን ካልሽኝ ደግሞ አዲስ የተለፋ ቆዳና አዲስ ቅቤ ነው። የበዓሉ ምግብ አታካና በሚበላበት ቀን ልጁም እንደ ቆዳው በቅቤ ያበራል።

እኔ፦ መርፌ የነካው ልብስስ መቼ መጣ?

ጋሼ፦ ከሸዋ ከመጣው ወታደርና ካህን ጋር። የእነሱ ልጆች እጀ ጠባብ ይለብሱ ነበር። እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ እጅጌው አንጓ ላይ ይጠባል፤ ሱሪ የለውም። ጭንቅላታቸው ተላጭቶ አናታቸው ላይ ቁንጮ ይቀራል፤ ለበዓል ከላይ ኩታ ይጣልላቸዋል። የኛ ሰው ያን ጊዜ ገባር ነበር። አያቴ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ግብር ተሸክሞ ሲሄድ፣ እዚያ ደጅ ላይ እኩያው የሆነ ልጅ ነጭ ለብሶ ሲጫወት አየ። እሱ ቆዳ ለብሷል። ልጅ ከልጅ በልብስ እንደሚለይ የዚያን ቀን እንዳወቀ እስኪሞት ይናገር ነበር። ይህን ሳትጽፊ ብታልፊ አዝናለሁ።

እኔ፦ እጽፈዋለሁ ጋሼ። ነጩ ጨርቅ ግን ሁሉም የሸማኔ አልነበረም አይደል? አቡጀዲም ነበር።

ጋሼ፦ ኧረ አብዛኛው አቡጀዲ ነው! ለልጅ ማን ሸማ ይቆርጣል? ሸማ አይቆረጥም፤ ይደረባል እንጂ። መቀስ የለመደው አቡጀዲን ነው።

እኔ፦ ያነበብኩትን ልንገርዎ። አቡጀዲ የሚመጣው ባሕር ተሻግሮ፣ ከአሜሪካ ነበር። በማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች ይሠራል፣ በመርከብ ዛንዚባር ይደርሳል፤ እዚያ ስሙ «መርካኒ» ነው፣ አሜሪካዊ ማለታቸው ነው። ወደ እኛም ብዙ ይገባ ስለነበር ሮበርት ስኪነር የሚባል መልእክተኛ ከአሜሪካ መጥቶ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖቹን ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ይህ የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ ይበልጥ በዛ። ከ1920ዎቹ ወዲህ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካውን ገፍቶ አስወጣው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሲሄዱ የኢትዮጵያ ገበያ በጃፓን ጥጥ ተሞልቶ ነበር።

ጋሼ፦ እንዲህ ነው? ከአዲስ አበባ ወዲህ በበቅሎ ጀርባ እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከየት እንደተነሳ ግን ዛሬ ሰማሁ። እዚህ ሲደርስ በክንድ ነው የሚለካው። አባቴ እንዳለኝ ገዢ ረጅም ዘመድ ይዞ ገበያ ይወጣል፣ የእሱ ክንድ ይበልጣልና። ለአንድ ልጅ እጀ ጠባብ አራት ክንድ ከበቂ በላይ ነው። ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።

(መኪናቸውን አቁመው ከጀርባቸው የነበረውን የእንጨት ሣጥን ከፈቱ። በጋዜጣ የተጠቀለለች አንዲት የልጅ እጀ ጠባብ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ቀለሟ ወተት እንደበዛበት ሻይ ነው። ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋች ናት፤ ስፌቷ ቀጥ ያለ ሆኖ ጥብቅ ነው። ብብቷ ላይ ልጁ ክንዱን ሲያነሳ እንዳይቀደድ አራት ማዕዘን ቁራጭ ገብቶላታል። ቁልፍ የላትም፤ አንገቷ ላይ ጨርቁ ተገምዶ የተሠራ ቋጠሮና ማስገቢያ አላት። የታችኛው ጠርዟ ላይ ሦስት መስመሮች እርስ በርስ ሳይነካኩ ዙሪያውን ሄደዋል።)

እኔ፦ እነዚህ መስመሮች ምንድን ናቸው?

ጋሼ፦ እጥፋት የነበረባቸው ናቸው። ጣትሽን አድርጊበት። ከላይኛው እስከ ሁለተኛው አራት ጣት፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሦስት ጣት ነው። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ንጣቱን ተመልከቺ፤ እጥፋት ውስጥ ስለኖረ ፀሐይም እንዶድም እንደ ሌላው አላገኘውም። የአባቴ ናት። ገና ስትሰፋ ትርፉ ወደ ውስጥ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ነበር። መስቀል ሲመጣ እናቱ አንዱን እጥፋት ትፈታለች። ሦስት መስቀል አክብሮባታል።

እኔ፦ እንዴት ተረፈች? የልጅ ልብስ አይተርፍም ብለውኝ ነበር።

ጋሼ፦ አባቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከእሱ በታች የሚወርሳት አልነበረም። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሲንጀር መኪና ገዝቶ ሰፊ ሆነ። ሙያ ሊያስተምረኝ ሲል መጀመሪያ ያሳየኝ እሷን ነው። «ልጅ እንደሚያድግ ሳታስብ ለልጅ አትቁረጥ» ይለኝ ነበር። እኔም እስካሁን ለልጅ ስሰፋ ውስጡ ትርፍ እተዋለሁ። እናቶቹ ግን አይፈቱትም፤ በዓመቱ አዲስ ይገዛሉ፣ አለበለዚያ ከሰልባጅ ያመጣሉ። አልፈርድባቸውም። ሰልባጁ ይረክሳል።

እኔ፦ ጋሼ፣ እኔ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር አለ። ሱሪ የለውም ይላሉ፤ ይህ የድህነት ብቻ አይመስለኝም። በዚያው ዘመን የፈረንጅ ወንድ ልጅም ቀሚስ ነበር የሚለብሰው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በ1937 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ጦር መርከብ ላይ የተገናኙት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884 እ.ኤ.አ. የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ናቸው፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ሴት ልጅ ነው የሚመስሉት። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው ልጁ ሱሪ የሚታጠቀው፣ ያም በቤተሰቡ ዘንድ እንደ በዓል ይታያል።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ይገርማል? ሕፃን ሱሪ ፈትቶ ለመጸዳዳት ይደርሳል? እናት በሁሉም አገር እናት ናት። እኛም ጋ «ሱሪ ታጠቀ» ከተባለ ልጁ ከእናቱ ጓዳ ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ የእነሱ በስድስት ዓመት ሲታጠቅ፣ የኛ ልጅ አሥርም አሥራ ሁለትም ሞልቶት በእጀ ጠባብ ብቻ ይሮጥ ነበር። ሱሪ ጨርቅ ይፈጃል።

እኔ፦ የሀብታም ልጆቻቸው ደግሞ የመርከበኛ ልብስ ይለብሱ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1846 እ.ኤ.አ. የ4 ዓመት ልጇን በመርከብ ስትወስደው የመርከበኞቹን ልብስ በልኩ አሰፍታ አለበሰችው፤ ሠዓሊ ሣለው፤ ከዚያ በየአገሩ የወንድ ልጅ ክት ያ ሆነ። አንገቱ ሰፊ ኮሌታ፣ ሰማያዊና ነጭ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ እነሱም ልጃቸውን እንደ ወታደር አለበሱ። ይህ እኛም ጋ መጥቷል።

እኔ፦ በምን በኩል?

ጋሼ፦ በአዲስ አበባ በኩል ነዋ። አባቴ ሰፊ ከሆነ በኋላ ብዙ የሰፋው ተፈሪ ሱሪ ነው፤ ለአዋቂ። ከጭን ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ባቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ በቁልፍ የሚዘጋ። አቆራረጡ ከባድ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ከተሳሳትሽ ሰውየው መንበርከክ አይችልም። ባለጸጋው ለልጁም በትንሹ ያሰፋ ነበር።

እኔ፦ የዚያ ሱሪ አቆራረጥ መነሻው ህንድ ነው፤ ጆድፑር ከሚባል አገር። የጆድፑሩ ሰር ፕራታፕ ሲንግ በ1897 እ.ኤ.አ. ለንደን ለብሰውት ሄደው ነው እንግሊዞች የተቀበሉት። እኛ ደግሞ በራስ ተፈሪ፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት፣ ስም ጠራነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ፤ አርባዎቹን አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው፤ ደንብ ልብስ ለብሰው አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ሲጫወቱ የከተማው ልጅ ሁሉ ዐይኑን ከእነሱ ላይ አላነሳም ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ጋሼ፦ እኔ ለውጡን ከንጉሡ ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ነው የምሰጠው። ይህች እጀ ጠባብ ምን ይጎድላታል? እስቲ ተመልከቺ።

እኔ፦ ቁልፍ?

ጋሼ፦ ቁልፍስ በቋጠሮው ተተክቷል። ኪስ የላትም። ቆዳውም ኪስ አልነበረውም፣ ቡሉኮም የለውም፣ ኩታም የለውም። ልጅ ያገኘውን በጉያው ይይዛል ወይም ለእናቱ ይሰጣል። ሚሲዮኖቹ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ሆሳዕና ሲመጡ…

እኔ፦ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ያመጧቸው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች። በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በበቅሎ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ጣቢያቸውን ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ከፈቱ።

ጋሼ፦ እነሱ ናቸው። ማንበብ ማስተማር ጀመሩ። የቄስ ትምህርትም ከዚያ በፊት ነበረ። ልጅ እርሳስና ትንሽ መጽሐፍ ሲይዝ የት ያድርገው? ኪስ ጠየቀ። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ይበራ ነበር። ከእጀ ጠባብ ቀጥሎ የለበሰው ሸሚዝ ደረቱ ላይ አንድ ኪስ ነበረው። ውስጡ የሚያስገባው ነገር ስላልነበረው ለሳምንት ያህል እጁን ብቻ ያስገባበት ነበር። የራሴ የሚለው ቦታ አገኘ ማለት ነው። እኔም ዛሬ ልጅ ልለካ ስል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ አይደለም፤ «ኪስ ስንት አለው?» ነው የሚለኝ። ለወንድ ልጅ ክት ሳልሰስት አራት ኪስ አወጣለሁ።

እኔ፦ ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ጋሼ፦ መጽሐፍ ጸሐፊው ከመርፌ ጋር አልተዋወቀም ይሆናል።

እኔ፦ ካኪና ቁምጣውስ?

ጋሼ፦ እሱ ከጦርነት ጋር መጣ። ጣሊያን ገባ፣ እንግሊዝ ተከትሎ መጣ። የሚገርመው ያኔ ትልቅ ሰው፣ ጢም ያለው ወታደር፣ ጉልበቱን አውጥቶ ቁምጣ ለብሷል። አባቴ «ወንድ ልጅ ሲያድግ ሱሪው የሚያጥርበት አገር ያለ መሰለን» ይል ነበር።

እኔ፦ በግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እዚህ ጎረቤታችን ሐላባ ቁሊቶ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። ሳጅን ናይጄል ሊኪ የተባለው የኬንያ እንግሊዛዊ ታንክ ላይ ወጥቶ የሞተው እዚያ ነው፤ የእንግሊዝን ከፍተኛ ሜዳይ ከሞተ በኋላ አገኘ። የእነሱ ደንብ ልብስ የካኪ ቁምጣ ነበር። ካኪ የሚለው ቃልም በኡርዱ አፈር የሚመስል ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከህንድ ነው የወሰዱት።

ጋሼ፦ አፈር የሚመስል! ትክክል ነው፤ እኛ የወደድነውም ለዚያ ነው። አቡጀዲ በአንድ ቀን ይቆሽሻል፤ ካኪ ሳምንት ይከርማል። ከነጻነት በኋላ ከምባታና ሐዲያ በሸዋ ሥር አውራጃ ሆኖ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የአባቴ መኪና ከካኪ ቁምጣ አልወጣም። ልብሱ ከዚያ ወዲህ ከእናት እጅ ወጣ። ርዝመቱን፣ ቀለሙን፣ ኮሌታውን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ሆነ። ጥሩም ነው፤ ቆዳ የለበሰና ነጭ የለበሰ ልጅ በአንድ ወንበር ላይ አንድ ዓይነት ለብሰው ተቀመጡ። አያቴ ያንን ቢያይ ያለቅስ ነበር። እኔ የደንብ ልብስ ስሰፋ ከሌላው ሁሉ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

እኔ፦ የከፋውስ ጎኑ?

ጋሼ፦ እጥፋቱ ቀረ። ዓመት አልፎ ልጅ ሲያድግ እናት በመርፌ ጫፍ የምትፈታው መስመር ቀረ። ልጁ ማደጉን የሚያየው በልብሱ ነበር። አሁን በግድግዳ ላይ በእርሳስ ይለኩታል፤ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ይጠፋል።

እኔ፦ ጋሼ፣ ይህችን እጀ ጠባብ ለዐውደ ርዕዩ ያውሱኛል? በመስታወት ውስጥ አስቀምጬ በሳምንቱ እመልሳለሁ።

ጋሼ፦ ውሰጃት። ብቻ ሁለት ነገር ቃል ግቢልኝ። አንደኛ፣ አትታጠብ። ሰዎች ቆሻሻ መስሏቸው ንጹሕ ካላደረግናት ይሉሻል፤ እሺ እንዳትያቸው። ከታጠበች የመስመሮቹ ልዩነት ይጠፋል፤ መስመሮቹ ከጠፉ ጨርቅ ናት። ሁለተኛ፣ ከፊት ለፊት አትስቀዪያት። ጠርዟን ገልብጠሽ ውስጡን አሳዪያቸው። ልጅ ከመጣ ጣቱን እንዲያደርግበት ፍቀጂለት።

እኔ፦ ቃል እገባለሁ። ከሥሯ ምን ብዬ ልጻፍ? «የሐዲያና የከምባታ የባህል ልብስ» ሊሉኝ ነው።

ጋሼ፦ አይደለም። ጨርቁ ከውጭ የመጣ ነው፣ ቅርጹ ከሸዋ ነው፣ የሰፋችው የኛ ሴት ናት፣ የለበሰው የኛ ልጅ ነው። ብዕርሽን ያዢና ልንገርሽ፤ ምንም አትጨምሪበት።

እንዳሉኝ ጻፍኩት። ወረቀቱንም መስታወቱ ሥር ለጠፍኩት፦ «የወንድ ልጅ የክት እጀ ጠባብ። አቡጀዲ፣ በእጅ የተሰፋ። ኪስ የለውም። ሦስት ጊዜ ረዝሟል።»